ቡናው አብቦ ፍሬ ሳይዝ፣ ንቡም ቀፎው ደጃፍ ሲሞት

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ነው። አባቴ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር አላቸው። ስድስት ቀፎም አለን፤ አራቱ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ባህላዊ ናቸው፣ ሁለቱ ዘመናዊ የፍሬም (በውስጣቸው የሚወጣና የሚገባ የእንጨት ክፈፍ ያላቸው)። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ቡናው ጥሩ አበበ፣ አሁን ሰኔ ላይ የሚታየው ፍሬ ግን የዓምናውን ግማሽ አይሆንም። በአበባው ሰሞን ከሁለቱ የፍሬም ቀፎዎች ደጃፍ በየጠዋቱ አንድ እፍኝ የሞተ ንብ እንጠርግ ነበር። ጎረቤታችን ጫቱን ማላታይን (የነፍሳት መርዝ) ይረጫል። ወንድሞቼ ‹ቡናውን ነፍሳት በልቶት ነው፣ እኛም እንርጭ፣ ጥላውንም እናሳሳው› ይላሉ። አባቴ አልተስማሙም። ማን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦

አባትዎ ትክክል ናቸው፤ አትርጩ። ወንድሞችዎ «ነፍሳት በልቶት ነው» ያሉት ግን ሳይመረመር የሚጣል ሐሳብ አይደለም። ቡና የሚጎዱ ነፍሳት አሉ፣ ወደ እነሱም እመጣለሁ። የጻፉልን ሁለት ችግር ነው፤ አንዱ የፍሬ ማነስ፣ ሌላው የንብ ሞት። በአንድ ሰሞን ስለደረሱ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል፣ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው መጣራት አለበት። ማጣሪያውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ሻሽ፣ አንድ ነጭ አንሶላና ትዕግሥት ይበቃል።

ከአበባው እንጀምር። የጅማ ቡና አረቢካ ነው፣ አረቢካ ደግሞ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል። አንድ አበባ በገዛ ብናኙ (ንቦች ኋላ እግራቸው ላይ ጠፍጥፈው የሚያመጡት ቢጫ ነገር) ፍሬ ይይዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ታዲያ ንብ ለቡና ምን ትሠራለች?» ይላል። ትሠራለች። ንብ ያልደረሰበት አበባ ከተጎበኘው ያነሰ ፍሬ ነው የሚይዘው። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት የአረቢካ ማሳዎች ሲነጻጸሩ፣ ብዙ ዓይነት ንብ በሚመላለስባቸው ከመቶ አበባ ወደ 90 የሚሆነው ፍሬ ያዘ፤ የንቡ ዓይነት ጥቂት በሆነባቸው ግን ወደ 60 ወረደ። በፓናማ በተደረገ ጥናትም ንብ የደረሰበት ቡና ከተከለከለው ከ50 በመቶ በላይ ብልጫ ያለው ምርት ሰጥቷል። እነዚህ የእነሱ አገር ቁጥሮች ናቸው። የእርስዎን ማሳ ቁጥር ግን እርስዎው ማግኘት ይችላሉ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አስቀምጫለሁ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የጊዜው ማጠር ነው። በበጋ የተኛው እምቡጥ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የመጀመሪያውን ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል። ከ8 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ማለዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይፈካል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። ዝናቡ ተቆራርጦ ከጣለ አበባው በሁለት በሦስት ዙር ይመጣል፣ አንዴ ጥሎ ከቆመ ግን አብዛኛው በአንድ ላይ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚለቀመው ቡና የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ጠዋቶች ነው ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ጎረቤት አንድ ቀን ከረጨ፣ ንቧ የጠፋችው በዓመቱ እጅግ በምትፈለግበት ቀን ነው።

አሁን ሰኔ ስለሆነ የመጋቢቱን አበባ ተመልሰን መቁጠር አንችልም። ፍሬው መቼ እንደጠፋ ግን ቅርንጫፉ ራሱ ይናገራል። አበባ ወጥቶበት የነበረ አንጓ ይያዙና በቅርብ ይመልከቱ። አንጓው ላይ የፍሬ ምልክት ሳይኖር የደረቀ የአበባ ቅሪት ብቻ ካለ፣ አበባው ከመጀመሪያውም አልያዘም። ምክንያቱ የንብ ማነስ፣ በአበባው ቀን የጣለ ከባድ ዝናብ ወይም ከአበባ በፊት የበረታ ድርቅ ሊሆን ይችላል። ድርቅና ሙቀት ሲበረታ አበባው ሳይፈካ አረንጓዴ ኮከብ መስሎ ይቀራል፤ አባትዎ ይህን አይተው ከሆነ ያስታውሱታል። በሌላ በኩል ፍሬው ይዞ፣ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ አክሎ፣ ከዚያ ከረገፈ መሬት ላይ ያገኙታል። ያንን አንሥተው ያገላብጡት። ጠቆር ያለ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቁስል ካለበት የቡና ፍሬ በሽታ ነው። በሽታው በአገራችን የታየው በ1963 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን መንስኤው ፈንገስ ነው። የነፍሳት መርዝ ለፈንገስ ምንም አይሠራለትም፤ ስንት ገበሬ ግን ፍሬ ሲጠቁር አይቶ ማላታይን ይረጫል! ቁስሉ ከበዛ ዘላቂው መፍትሔ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መተካት ነው። ጅማ መልኮ ከሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 ለዚህ የተመረጡ ናቸው። በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 በፈረንጆቹ 1974 መመረጣቸውን ያመለክታል።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጉ። ዓምና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ ቡና በማግስቱ ዓመት ያርፋል። ዓምና ለእናንተ የተትረፈረፈ ዓመት ከነበረ፣ ከጉድለቱ የተወሰነው ከዚህ የመጣ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በንብ ወይም በጎረቤት ላይ መጫን ትክክል አይሆንም።

ለሚቀጥለው ዓመት ግን ግምት አያስፈልግም፣ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን፣ እምቡጡ ነጣ ብሎ ሳይፈካ፣ ከማሳው የተለያየ ቦታ 5 የቡና ዛፍ ይምረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ዕድሜያቸውና ቁመታቸው ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ቅርንጫፍ ይለዩ። በሁለቱም ላይ ያለውን እምቡጥ ቆጥራችሁ ጻፉ። አንዱን ቅርንጫፍ በሳሳ ሻሽ ከረጢት አልብሳችሁ ጫፍና ጫፉን በክር እሰሩ፣ ሌላውን ክፍት ተዉት። የአልጋ አጎበር አትጠቀሙ፤ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ላዩ ላይ ያረፈችውን ንብ ይገድላል፣ ቆጠራውንም ያበላሻል። ሻሹ አበባውን እንዳይጫነው ውስጡ ቀጭን ቀርከሃ ቀለበት አድርጋችሁ አስገቡ። አበባው ከረገፈ በኋላ ሻሹን አንሡ፤ ቆይቶ ከቀረ ቅርንጫፉ ይታፈናል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ የመርፌ ራስ ያከሉትን ፍሬዎች ቁጠሩ። ለምሳሌ ክፍቱ ከ100 እምቡጥ 70 ይዞ የታሰረው 50 ከያዘ፣ ከክፍቱ 70 ፍሬ 20ው ጎብኚ የሰጣችሁ ነው። ሁለቱ እኩል ዝቅ ብለው ከተገኙ ግን ወይ ጎብኚው አልመጣም ወይ ችግሩ ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በአበባው ቀን ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት አንድ ዛፍ አጠገብ ለ10 ደቂቃ ቆማችሁ አበባ ላይ የሚያርፈውን ሁሉ ቁጠሩ። በእኛ አካባቢ የቡናን አበባ በብዛት የምትጎበኘው ማር ንብ ናት፤ ትናንሽ የዱር ንቦችና አበባ ላይ የሚያንዣብቡ ዝንቦችም ይመጣሉ። ለየብቻ ጻፏቸው።

ወደ ሞቱት ንቦች እንሂድ። ከጠንካራ ቀፎ በየቀኑ ጥቂት ንብ ቢሞት ጤና ነው፤ ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ደጃፍ ላይ እስከ 100 የሚደርስ ሬሳ አያስደነግጥም። የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ የሞተ ንብ ወደ 300 ገደማ ይሆናል። እናንተ በየጠዋቱ የጠረጋችሁት እፍኝ ከዚህ የሚያንስ አይመስለኝም፣ ስለዚህ ተፈጥሯዊ ሞት አይደለም። መርዝ የገደላት ንብ ብዙውን ጊዜ ምላሷን አውጥታ፣ ክንፏን ዘርግታ ነው የምትሞተው። ገና ያልሞቱት ደጃፉ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ እንደ ሰከረ ይሽከረከራሉ፣ መብረር ያቅታቸዋል። በረኃብ የሞተች ንብ ግን ጭንቅላቷን የማር እንጀራው ቀዳዳ ውስጥ ቀብራ ትገኛለች። በሰም ትል የተጠቃ ቀፎ እንጀራው ላይ ድርና ፍርፋሪ ይሞላበታል፤ ጉንዳን የወረረው ደግሞ በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ ያድራል።

አራቱ ባህላዊ ቀፎዎች ደህና ናቸው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የሚወድቅ ሬሳ ሣር ውስጥ ይገባል፣ ጉንዳንም ቶሎ ያነሣዋል። በየዛፉ ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግታችሁ ለሦስት ጠዋት ብትመለከቱ የሁሉንም ሁኔታ ታውቃላችሁ።

ጫቱ እንዴት ንብ ይገድላል? ጫት የሚቆረጠው ለቅጠሉ ስለሆነ እስኪያብብ አይጠበቅም፤ ንብም ለጫቱ ብላ አትሄድም። የምትሄደው ጫቱ ሥር ላለው አረም ነው። ጨጎጊትና መጭ በጫት ረድፍ መካከል ያብባሉ፣ መርዙም ከላይ ይወርድባቸዋል። ሁለተኛው መንገድ ነፋስ ነው፤ የመርዙን ጠብታ ተሸክሞ የእናንተ ቡና አበባ ላይ ያሳርፈዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ውሃ ነው። ፓምፑ የታጠበበት ኩሬ፣ ባልዲው የተደፋበት ረግረግ፣ ከተረጨ ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠል። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ንብ ውሃ ትቀዳለች፣ የምትቀዳውም ከቅርቡ ነው። አንዲት ንብ ለምግብ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ስለዚህ ገዳዩ የጎረቤታችሁ ጫት ብቻ ነው ብሎ መደምደምም ይከብዳል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ መጤው የአሜሪካ ተምች በቆሎ ላይ ስለገባ በቆሎ ማሳም እየተረጨ ነው፣ በቆሎ ወንዴ አበባውን ሲያወጣ ደግሞ ንብ ብናኙን ትሰበስባለች።

እንግዲህ ጎረቤትን መለመን እንጂ መካሰስ አያዋጣም። እሱም ልጆች የሚያሳድገው በዚያ ጫት ነው። የሚከተለውን ብትጠይቁት ምርቱን አትቀንሱበትም። ከመርጨቱ በፊት በረድፉ መካከል ያለውን ያበበ አረም ይጨደው። በጠዋትና በቀትር አይርጭ፤ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም፣ ነፋስ ሲረጋ ይርጭ። ምርጫ ካለው ዱቄቱን ትቶ ፈሳሹን ይጠቀም። ዱቄት በንቧ ፀጉር ላይ ከብናኙ ጋር ተጣብቆ ቀፎ ይገባል፣ እንጀራው ውስጥ ይከማቻል፣ ከሳምንታት በኋላም እጭ ይገድላል። ፓምፑን ወራጅ ውሃ ዳር አይጠብ፤ አጥቦ የሚደፋውን ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍስሶ አፈር ይመልስበት። በሚረጭበት ዋዜማ ደግሞ ይንገራችሁ። እናንተ የፍሬም ቀፎዎቹን ደጃፍ ማታ በሽቦ ወንፊት ዘግታችሁ፣ ላያቸውን በረጠበ ጆንያ ሸፍናችሁ፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መክፈት ትችላላችሁ። ከአንድ ቀን በላይ ግን አትዝጉ፤ ቀፎው ይግላል፣ ሰሙ ቀልጦ ንቡ ታፍኖ ይሞታል። ዛፍ ላይ ያሉትን መዝጋት አይቻልም፤ እነሱን የሚያድናቸው የመርጫ ሰዓቱ ብቻ ነው።

ስለ ሰውም አንድ ቃል። ጫት ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ የሚበላ ቅጠል ነው። ዛሬ ተረጭቶ ነገ ገበያ የወጣ እሽግ መርዙን የሚያደርሰው ቃሚው ሆድ ውስጥ ነው። በመርዙ መያዣ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይሞላ አይቆረጥ። መድኃኒት ብለን ስለምንጠራው እንጂ ማላታይን የነርቭ መርዝ ነው፤ ንብን የሚያንቀጠቅጠውና ሰውን የሚያልበውና የሚያንቀጠቅጠው አሠራር አንድ ነው። የረጨ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ላብ ካሰመጠው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ልብሱን አውልቃችሁ ሰውነቱን በሳሙና ታጠቡለትና ከነዕቃው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ሐኪሙን ይረዳዋል። ባዶውን ዕቃ ውሃ መቅጃ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

አሁን ወንድሞችዎ ወዳነሡት እንመለስ፤ ቡናውን በእርግጥ የሚበላ ነፍሳት አለ ወይ? ሦስቱን ብቻ ላንሣ፤ ሦስቱም ያለ መርጨት ይፈተሻሉ።

የመጀመሪያው አንቴስቲያ ነው። ጀርባው ጋሻ የመሰለ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብርቱካንማና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ትኋን መሰል ነፍሳት ነው። ለጋ ፍሬ ይመጥጣል፣ ፍሬው ይረግፋል፤ ያልረገፈውም ውስጡ ይበሰብሳል፣ በጀበናው ላይ የድንች ጣዕም ሊያመጣ ይችላል። በማለዳ፣ ነፍሳቱ ገና በብርድ ደንዝዞ ሳለ፣ ነጭ አንሶላ ከቡናው ሥር ዘርግታችሁ ዛፉን ናጡ። ከ10 ዛፍ የወደቀውን ቆጥራችሁ ለ10 አካፍሉ። በዛፍ ከአንድ ወይም ከሁለት ካላለፈ መርጨት አያስፈልግም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እንቁላሉንም ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ 12 ሆኖ ተደርድሮ ይገኛል። ነጣ ያለው ጤነኛ እንቁላል ነው። ጠቁሮ ካገኛችሁት ግን ደስ ይበላችሁ፤ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ጥገኛ ተርብ የራሷን እንቁላል ውስጡ ጥላበታለች፣ ከእሱም የሚወጣው ትኋን ሳይሆን ሌላ ተርብ ነው። እነዚህን የጠቆሩትን አታጥፏቸው።

ሁለተኛው ቅጠል ሰርሳሪው ነው። ቅጠሉ ላይ የተቃጠለ የሚመስል ቡናማ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳውን በጥፍራችሁ ግለጡት። በሁለቱ የቅጠል ሽፋኖች መካከል ትንሽ ነጭ ትል ካለች ሥራ ላይ ናት፤ በቦታዋ ጥቃቅን ጥቁር ሙሽሬዎች (እጭ ወደ በራሪ ሲለወጥ የሚያልፍበት ደረጃ) ካገኛችሁ ተርቦቹ ቀድመዋችኋል። መርጨት ትርፍ የማያመጣው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ትሏ በቅጠሉ ሽፋን ተሸፍናለች፣ ተርቧ ግን ውጭ ናት። መርዙ መጀመሪያ የሚያገኘው ተርቧን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የቡና እርሻዎች ሁሉን በሚገድል መርዝ ከተረጩ በኋላ ይህ ሰርሳሪ ከበፊቱ ብሶ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዴ የጀመረ ገበሬም ማቆም ያቅተዋል፤ ጠባቂዎቹን ራሱ ስለጨረሳቸው በየዓመቱ መግዛት ይገደዳል።

ሦስተኛዋ ፍሬ ሰርሳሪ ጥንዚዛ ናት። ጥቁር ናት፣ ከ2 ሚሊ ሜትር አትበልጥም፣ የፍሬውን እምብርት ቀድዳ ትገባለች። ከገባች በኋላ መርዝ አያገኛትም። እሷን የሚያጠፋት ቃርሚያ ነው። ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይ የቀረውንና መሬት የወደቀውን ፍሬ አንድ ሳታስቀሩ ልቀሙ፣ የነቀዘውን በፈላ ውሃ ንከሩ። ጥንዚዛዋ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የምትሻገረው በዚያ በቀረ ፍሬ ውስጥ ተደብቃ ነው። ልጆች በአንድ ቅዳሜ የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ የትኛውም ፓምፕ አይተካውም።

ጥላውን በተመለከተ ከወንድሞችዎ ጋር የምስማማበትም የምለይበትም አለ። ከቡናው ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ ሰማዩ ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ጥላው በዝቷል፤ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ቁረጡ። ግማሽ ያህሉ ሰማይ የሚታይ ከሆነ ግን ንክች አታድርጉት። መሳሳት ያለበት ምናልባት ራሱ ቡናው ነው። አንቴስቲያ የሚወደው ጥቅጥቅ ያለ፣ ሳይገረዝ የከረመ ቡና ነው። ከለቀማ በኋላ ደረቁንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን ቅርንጫፍ አንሡ፣ ያረጀውን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየመደባችሁ ጎንድሉ።

የጥላ ዛፉ ጥቅም ደግሞ ከጥላነት ያልፋል። ቡናው ንቧን የሚመግባት በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ቀሪውን ዓመት ማን ይመግባት? ግራዋ (ኤቢቻ) ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያብባል፣ ቡናው ሲደርስም ቀፎው በሠራተኛ ሞልቶ ይጠብቃል። ቡናው ሲያበቃ ጌተም የተባለው ዛፍ ይቀጥላል፤ የጅማና የከፋ ነጭ ማር ዝናው ከእሱ ነው። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ላይ ብሳና ይመጣል፣ ከክረምት መውጫ ደግሞ ዋንዛ (ወዴሳ)፣ በመስከረም መጭና አደይ አበባ። ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ስትቆርጡ የንቧን የአንድ ወር ቀለብ ቆረጣችሁ ማለት ነው። የተራበ ቀፎ የካቲት ላይ ደካማ ሆኖ ይገባል ወይ ቀድሞ ይኮበልላል። ሰሳ የተባለው የጥላ ዛፍ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ ለአፈሩ ያስቀራል፤ የሚረግፈውን ቅጠል ምስጥ፣ ባለ ብዙ እግርና የምድር ትል አድቅቀው ለቡናው ሥር ያደርሱታል። ማዳበሪያ ለሚገዛ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥላውን ቆርጦ ባሕር ዛፍ መትከል ያዋጣል ለሚሉ ሰዎች ደግሞ፦ ባሕር ዛፍ ለንብ አበባ ይሰጣል፣ እውነት ነው፤ ግን ከቡናው ጋር ውሃ ይሻማል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም።

የዱር ንቦቹም ቤት ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩት ባዶ አፈር ቆፍረው ወይም የደረቀ ግንድ ሰርስረው ነው። ማሳው ዳር፣ ተዳፋት ላይ፣ አንድ ሁለት ሜትር ካሬ ያህል ሳይኮተኮት ተዉላቸው፤ የወደቀውንም ግንድ ሁሉ ለማገዶ አትፍለጡት። ጣዝማም አለች፤ ከመሬት በታች፣ ብዙ ጊዜም በአሮጌ የምስጥ ጎጆ ውስጥ የምትሰፍር፣ የማትናደፍ ንብ። ማሯ በመድኃኒትነቱ ተወዳጅ ስለሆነ ሰው ጎጆዋን ከሥሩ ገልብጦ ይወስዳል፣ በዚያው ትጠፋለች። ማሩ የሚቀመጥባቸውን ጋኖች በጥንቃቄ አንሥቶ፣ ጫጩቶቹ ያሉበትን ክፍል ሳይነኩ፣ ጉድጓዱን መልሶ መክደን ይቻላል።

አሁን ሰኔ ላይ በቀፎዎቹ ምን ይደረግ? የተመረዘ ቀፎ ቀሳሚዎቹን አጥቶ ወደ ክረምት እየገባ ነው። የፍሬም ቀፎዎቹን ዝናብ ባቆመበት ቀትር ከፍታችሁ ንግሥቲቱ እንቁላል እየጣለች እንደሆነ እዩ። እንቁላል ካለ ተስፋ አለ። ንብ ያልሸፈነውን እንጀራ አውጡ፣ አለበለዚያ የሰም ትል ይገባበታል። በአበባው ሰሞን የገባ፣ ቀለሙ የጠቆረና ንቦቹ የማይነኩት ብናኝ ያለበትን እንጀራም አስወግዱ። ምግብ ከጎደላቸው አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ የፈላ ውሃ አሟሙታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ማታ ማታ ግማሽ ሊትር ያህል ቀፎው ውስጥ አስቀምጡ። እንዳይሰምጡ ላዩ ላይ ጭራሮ ጣል አድርጉበት። በቀን አትስጡ፤ የጎረቤት ቀፎ ንብ ለዝርፊያ ይመጣል። ለብናኙ ምትክ በሶ ወይም የሽሮ ዱቄት በጠፍጣፋ ዕቃ ይቀመጥላቸው። የቀፎውን ማቆሚያ እግሮች ዙሪያ አመድ ነስንሱ፣ በክረምት ጉንዳን ይበዛል። ማር ስትቆርጡም ቢያንስ ሲሶውን ለእነሱ ተዉ። ባህላዊ ቀፎ በችቦ እሳት መቁረጥ ንቡን ያቃጥላል፣ የተረፈውንም ያሸሻል፤ በደረቀ ከብት እበት ጭስ ቀስ ብሎ መሥራት ይበቃል።

ከቡናው ውጭ ያለው ጓሮም የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ጤፉና በቆሎው ንብ አይጠይቁም፤ ጤፍ ራሱን ያዳቅላል፣ በቆሎን ነፋስ ያዳርሰዋል። ኑጉ ግን ከሌላ ተክል ብናኝ ካልመጣለት ፍሬ አይሞላም። ዱባው ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ስለሆነ የሚያመላልስለት ካላገኘ ሕፃን ዱባው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። አቮካዶው ደግሞ አንዱ አበባ በአንድ ሰዓት ሴቴ፣ በሌላ ሰዓት ወንዴ እየሆነ ስለሚከፈት ያለ ነፍሳት ብዙ አይዝም። እናትዎ ጓሮ ዱባው እየረገፈ ካስቸገራቸው፣ ያ ራሱ ንብ መቅረቷን የሚጠቁም ምልክት ነው።

የሚቀጥለው የካቲት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ የጣለበትን ቀን በሩ መቃን ላይ በከሰል ጻፉት። በማግሥቱ አባትዎ ጎረቤታችሁንና በዙሪያው ያሉትን ጫት አብቃዮች ቡና ጠርተው፣ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛም አክለው፣ ከዚያ ቀን አንሥቶ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ማንም እንዳይረጭ ይስማሙ። ስምንት ቀን ነው። ሁለተኛ ዙር አበባ ከመጣም በዚያው መንገድ ቆጥራችሁ ትነጋገራላችሁ። ሻሹን አስራችሁ የቆጠራችሁትን ቁጥር፣ የታሰረውንም የክፍቱንም፣ በግንቦት ላኩልን፤ የትኛው ምክንያት እንደሚያመዝን ከዚያ ተነሥተን ለይተን እንነግራችኋለን።